የተኳሿ ጊታር

የአክስቴ ሥራ መተኮስ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስለሚል፣ ቶሎ ብዬ «ልብስ ነው፣ ልብስ!» እላለሁ። እሷ ግን ለማስረዳት ቸኩላ አታውቅም። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «ተኳሽ ነኝ» ትልና ዝም። በወጣትነቷ ቤት ልትከራይ ሄዳ፣ አከራዩ ይህን ሲሰማ ስለ ውሃ አጠቃቀምና ስለ እንግዳ ብዛት ሊደረድር ያዘጋጀውን ሕግ ሁሉ ዋጥ አድርጎ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበላት ይባላል።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳውን ታክኮ የእንፋሎት ቧንቧ ያልፋል፤ መሀል ላይ በብርድ ልብስ የተለበጠ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ አንዲት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ። ቀዳዳዋ የምትወጣው ልክ ከላይ ካለው የዳንስ አዳራሽ መድረክ ሥር ስለሆነ፣ የሆቴሉ ባንድ ረፋድ ላይ ሲለማመድ ከበሮው፣ ትራምፔቱ፣ የዘፋኙ ስድብ ሳይቀር ቁልቁል ወርዶ አንሶላው ላይ ይፈስሳል። አክስቴ ካውያዋን እየገፋች ሁሉንም ትሰማለች። ነፍሷን የሚወስዳት ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ የብረት ጊታሩ።

ይህ ጊታር እንደ ሌላው ደረት ላይ አይታቀፍም። ጉልበት ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ ቀኝ እጅ ክሩን ሲነካ ግራ እጅ ለስላሳ የብረት ዘንግ ይዞ ክሮቹ ላይ ይንሸራተታል። አካሉ ሁሉ ብረት ነው፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ድስት ክዳን ያለ ስስ ብረት ተደፍቶበታል፤ ድምፁን የምታጎላው ያቺ ክዳን ናት። ድምፁም ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እየተጎተተ፣ እየተለማመጠ ይደርሳል። «ሌላው ጊታር ያወራል፤ ይሄኛው ያባብላል» ትላለች አክስቴ።

ጊታረኛውን የምታውቀው በነጭ ኮቱ ነበር፤ በየሳምንቱ ይዞላት ይወርዳል፣ ተኩሳ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን ሆቴሉ ካሴት ማጫወቻ ገዛና ባንዱን አሰናበተ። ካሴት አይራብም፣ አይሰክርም፣ ደመወዝ ጨምሩልኝም አይልም። ጊታረኛው በዚያው ሰሞን ሊያገባ ነበርና የወደፊት አማቱ «ልጄን ከብረት ጋር አላጋራም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ በኮቱ ፈንታ ጊታሩን ከነሳጥኑ ተሸክሞ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

«እንቺ፣ ያንቺ ነው» አላት።

«እኔ ምን ላደርገው?»

«ካላወቅሽበት ሸሚዝ ተኩሺበት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ እንኳን አላየችውም።

አክስቴ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው ሰው፣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለስና ይተኛል። እሷም ከሥራ የምትገባው በዚያው ሰዓት ነው። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ደግሞ እንደ ብስኩት የሳሳ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ነው። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያ ቀን ጊታሩን አወጣችና ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። ካውያ መጋሉን እንደምትሞክረው ጣቷን ምራቅ አስነክታ ክሩን ነካ አደረገች። ከዚያ ዘንጉን አሳርፋ ሳብ ስታደርገው የወጣውን ድምፅ በፊደል ለመጻፍ ይቸግረኛል። ግቢውን በሙሉ ያዳረሰ ረጅም ዋይታ ነበር።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ነች። መርፌዋን ሸሚዝ ላይ እንደሰካች ብድግ አለች። ሹፌር ያገባች ሴት ስታለቅስ ደግሞ ማን እንደሞተ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። «ተነሡ! ያ ሹፌር መንገድ ላይ ቀርቷል!» ብላ ግቢውን አስነሣች። ሁሉም የየራሱን ወንበር አንጠልጥሎ ተከታትሎ ገባ፤ ግድግዳውን ተደግፎም ተቀመጠ።

አክስቴ ቀና ስትል ሳሎኗ በሰው ተሞልቷል። ዓይን አፋር ብትሆንም ደስ አላት። «ጎረቤቶቼ ሊያዳምጡኝ መጡ» ብላ አሰበችና ዓይኗን ጨፍና ዘንጉን እንደገና ሳበችው። ሰዉ «ውይ፣ ሐዘኗ አሳበዳት!» እያለ ይነፋረቃል። እሷ ደግሞ እንባቸውን ስታይ ልቧ ተነካ፤ ጨመረችበት። እነሱም ጨመሩ። በዚህ መሀል የመኝታ ቤቱ በር ተበረገደና ጋሼ በቁምጣና በካናቴራ፣ ፀጉሩ ተንጨባርሮ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ለቅሶ? ማን ሞተ?»

ልብስ ሰፊዋ በጣቷ እየጠቆመችው፣ «አንተ!» አለችው።

ጋሼ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያወራዋል። መጨረሻውንም ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ይዘጋዋል፦ «በሕይወት በመገኘቴ ሁሉም ደስ አላቸው። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ወንበሯን አንጠልጥላ ስትወጣ ትንሽ ቅር ያላት መስሎኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊታሩ በጋሼ አፍ «ያ አልቃሻ ብረት» ተባለ። ጥጥ ጆሮው ውስጥ ጎሰጎሰ፤ ትራስ ጭንቅላቱ ላይ ደረበ፤ ኮምፖርሳቶው ላይ ምንጣፍ ሰቀለ። አክስቴ አልተወችም። አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም፤ ሥራ ውላ ትገባለች፣ እጇን ታጥባ ትጫወታለች። ልጅ ወለደች፤ በዚያው ድምፅ አስተኛችው። አንድ ጊዜ ዘንጉ ጠፋባትና ጋሼ ከአውቶቡሱ ያወለቀውን ለስላሳ ፒን አንስታ ተጠቀመችበት፤ እሱ ጋራዡን ሁሉ ሲያምስ ከረመ። ሌላ ጊዜ ጊታሩ ከጠረጴዛ ወድቆ ከጀርባው አንዲት ብሎን ሲጠፋ ግን፣ ያው ጋሼ ራሱ እያጉረመረመ የአውቶቡስ ብሎን ገጠመለት። «ካለቀሰ አይቀር ወግ ባለው መንገድ ያልቅስ» አለ።

እውነቱን ለመናገር አክስቴ ሊቅ አልነበረችም። የምታውቃቸው ዘፈኖች በዚያች ቀዳዳ የወረዱት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሙሉ አይደሉም። የእንፋሎት መተኮሻው ፉሽ ሲል ያለፋት ሁሉ አልፏታል። ስለዚህ ዘፈኑን መሀል ላይ ታቆምና «እዚህ ጋ እንፋሎት ነው» ብላ ትንሽ ጠብቃ ትቀጥላለች። እኛ የቤተሰቡ ልጆች ዘፈን ሁሉ መሀሉ ላይ ዝምታ ያለበት እየመሰለን ነው ያደግነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሁለቱም ጡረታ ወጡ። ልጃቸው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ይህን የአክስቴን ልጅ ሰፈሩ «ዜና» ይለዋል፤ የሰማውን ነገር ሆዱ ውስጥ አሳድሮ አያውቅም። አንድ ቀን እናቱን ስትጫወት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቃት። ወዲያው ከማያውቀው ሰው መልእክት ደረሰው፤ «እባክዎ ጀርባዋን ያሳዩኝ» ይላል።

ዜና ደሙ ፈላ። «አንተ ባለጌ! እናቴ እኮ ናት!» ብሎ መለሰለት።

«ይቅርታ፣ የጊታሯን ማለቴ ነው። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ።»

ዜና ይህ የባሰ ግራ አጋባው። ሆኖም ጀርባውን አሳየው። ሐኪሙም በማግስቱ ቤታቸው መጣ። ጎልማሳ፣ ጠረኑ እንደ ክሊኒክ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጋሼ የጥርስ ሐኪም መሆኑን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ጥግ ያዘ። ሐኪሙ ግን ወደሱ አላየም። ነጭ ጓንት አጠለቀ፤ ከቦርሳው ጥርስ የሚያይባትን ትንሽ መስታወትና መብራት አወጣ፤ ጊታሩ ሆድ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች መስታወቷን አስገብቶ ጎንበስ አለ።

«አይዞሽ… እሺ… ቆንጆ» ይላል ለራሱ።

ጋሼ ለሚስቱ የሚናገር መስሎት ከጥጉ ወጣ። ሐኪሙ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ክዳኗ የፋብሪካዋ ናት! የብረት ቅቧም አልተነካም። እንዲህ ያለችውን አገር ለአገር ስፈልግ ነው የኖርኩት። ይህቺ ብሎን ግን የእሷ አይደለችም።»

«የኔ ናት» አለ ጋሼ ኮራ ብሎ። «የአውቶቡስ ናት።»

«ዋጋዋን ትቀንሳለች።»

ጋሼ እንደዚያን ቀን ተሰድቦ አያውቅም። በዚያው ሳምንት የብሎን ጣሳውን ምንጣፍ ላይ ደፍቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ስንት ዘመን የጠፋችውን የፋብሪካ ብሎን ሲፈልግ ሰነበተ። አላገኛትም።

ሐኪሙ ሁሉንም አስረዳ። እነዚህን ጊታሮች የሚሠሩት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ከነበሩት አንዳንዱ ቀልጦ ሌላ ነገር ሆኗል፣ አንዳንዱ ተጨራምቷል፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን በየዓመቱ ይበዛል። ከዚያ ሊከፍል ያሰበውን ዋጋ ተናገረ። በዚያ ዋጋ ያገለገለ፣ ግን ገና ዳገት የሚወጣ መኪና ይገዛ ነበር። ዜና ቆሞ የነበረው ተቀመጠ። እናቴ፣ የአክስቴ ታናሽ እህት፣ ተቀምጣ የነበረችው ተነሣች።

ሐኪሙ ሐቀኛ ሰው መሆኑ ጎዳው። «በርግጥ ብታቆዩት ይጨምራል» ብሎ አመለጠው። ምላሱን ቢነክስም ዜና ሰምቷል። ዜና ከሰማ ደግሞ አለቀ።

«እናቆየዋለና!» አለ።

«እንግዲያው እባካችሁ አይነካ» አለ ሐኪሙ እያዘነ። «ላብ ቅቡን ይበላዋል፤ ዘንግም ይፍቃል።»

ጊታሩ በዚያኑ ቀን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ። አክስቴ ልጇ ሲወጣ ሲወርድ እጇን አጣጥፋ አየችው።

ቤቱ ተለወጠ። እናቴ በየጠዋቱ ትደውላለች፤ ድሮ «እንዴት አደራችሁ?» ትለው የነበረው አሁን «ጊታሩ እንዴት አደረ?» ሆነ። ለዓመታት ዝር ብለው የማያውቁ የጋሼ ዘመዶች ብርቱካን ይዘው መጥተው፣ ቀና ቀና እያሉ ቁም ሣጥኑን እያዩ «መቼም የአንቺ አጨዋወት ሆድ ይበላል» አሏት። አንዳቸውም ሰምተዋት አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ የአሮጌ ስፌት መኪናዋን መዘውር ለሐኪሙ አሳዩልኝ ብላ አመጣች፤ ከግቢው ጀርባ ያለው ሰውዬ የአልጋ ራስጌ ተሸክሞ መጣ። «ይሄስ ብረት አይደል?» ይላል። ዜና ደግሞ እንደ አየር ጠባይ ትንበያ፣ ምሳ ላይ የዋጋውን ሁኔታ ያሰማል። «ዛሬ አንዱ፣ ከኛ የባሰ የተቧጨረ፣ በሁለት መኪና ሂሳብ ተሸጠ!»

በዚህ ሁሉ መሀል የጠፋው እንቅልፍ ነበር፤ የጋሼ። በመጀመሪያው ቀን «ተመስገን!» ብሎ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ ወረወረ፤ ተጋደመ፤ ተገላበጠ። በማግስቱም እንዲሁ። ቢጨንቀው ሳሎን ድረስ መጣ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው አክስቴ።

«ዝምታው ቀሰቀሰኝ።»

እሷም አልተመቻትም። እጇ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ የተኳሽ እጅ ደግሞ አደገኛ ነው። መጋረጃውን ተኮሰች፣ የአልጋ ልብሱን ተኮሰች፣ የወጥ ቤት ጨርቁን ተኮሰች። ካልሲ ተኮሰች። የጋሼን የውስጥ ሱሪዎች እንደ ሙሽራ ሱሪ መስመር አወጣችላቸው። ሰውዬው እቤት ውስጥ እንደ አምባሳደር ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ፤ ምክንያቱን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዜና ዋጋ ማሰማት ሲጀምር አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ እኮ! ሐኪሙን ጥራልኝ።»

«ገና ይጨምራል፣ እማዬ!»

«እኔም ዕድሜ እየጨመርኩ ነው። ጥራ ብዬሃለሁ።»

ሐኪሙ መጣ። እጇ ሥራ መፍታቱን በስልክ ሰምቶ ኖሮ ሁለት ሳጥን ተሸክሟል። አንዱ ከራሱ ስብስብ ያመጣው፣ የአክስቴ ጊታር እኩያ የሆነ አሮጌ ነው፤ ለማወዳደር። ሌላው ርካሽ፣ አዲስ፣ እንደ ምጣድ የሚያብረቀርቅ ቅጂ ነው፤ ለሷ በስጦታ። አክስቴ አዲሱን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ትንሽ ሳበችው።

«ያው ነው እኮ!» አለ ዜና።

ሐኪሙ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንዴት ያው ይሆናል? የአሮጌ ብረት ድምፅ የበሰለ ነው። ይሄ ጥሬ ነው። ጆሮ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል።»

«ጥሩ ነዋ» አለች አክስቴ። «ጨፍኑና የኔን ለዩ።»

የተተኮሰ አንሶላ በወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። እሷ ሦስቱንም ይዛ ከጀርባው ገባች። እኛ ሳሎን ተደረደርን፤ ሐኪሙ፣ ዜና፣ እናቴና እኔ። ጋሼ «ሞኝ አትሁኑ» ብሎ መኝታ ቤት ገብቶ ተጋደመ። አክስቴ የአንድ ዘፈን መጀመሪያ በሦስቱም ተራ በተራ ተጫወተች።

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ በሁለተኛው ላይ እጁን አነሣ። «ይቺ ናት! አትሰሙም? የዘመን ድምፅ!»

አንሶላው ገለጥ አለ። አክስቴ የያዘችው የሚያብረቀርቀውን ቅጂ ነበር።

እናቴ የመጀመሪያው ነው አለች፤ ተሳሳተች። ዜና መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሁሉንም አለ። እኔም ተሳስቻለሁ፤ ማን ይዋሻል! አንሶላው ተመለሰ፤ ተራው ተቀያየረ፤ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው ገና ሳብ እንዳለ ከመኝታ ቤት ጩኸት ተሰማ።

«እሱ ነው!»

ገለጥን፤ እሱ ነው። ሐኪሙ «አጋጣሚ ነው» አለ። ተራው እንደገና ተቀየረ። «እሱ ነው!» አሁንም ልክ። አክስቴ ተንኮል አሰበችና ቅጂውን ብቻ ደጋግማ ተጫወተች። ከመኝታ ቤት ዝም። መጨረሻ ላይ የራሷን ስታነሣ፣ «አሁን መጣ፣ እሱ ነው!»

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። «አባቴ፣ በምን ለዩት?»

«እርስዎ ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ሰምተዋል?» አለው ጋሼ ሳይነሣ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነው የሰማሁት። እንቅልፍ የቀማህን ሌባ በኮቴው ታውቀዋለህ። ሲጀምር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ አልገባ እንዳለ መኪና ትንሽ ይንጫጫል።»

ሐኪሙ ሮጦ ተመልሶ መስታወቱን አወጣ። የሚንጫጫው ምን እንደሆነ አገኘ፤ የአውቶቡሷ ብሎን ናት። ትንሽ ላልታ ኖሮ ክሩ ሲነዝር አብራ ትነዝራለች። «ጠበቅ ቢያደርጓት ይጠፋል» ብሎ መፍቻ ከቦርሳው ሊያወጣ ሲል ጋሼ በቁምጣው ዘሎ መጣ።

«እንዳትነካት!»

አክስቴ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ «ዶክተር፣ ይውሰዱት። ሸጬልዎታለሁ» አለች።

እኛ ሁላችን ደነገጥን፤ ከሁላችን የባሰ የደነገጠው ጋሼ ነበር።

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ዕድሜ ልክህን ጣዪው ስትለኝ የኖርከው?»

«ጣዪው አልኩ እንጂ ሽጪው አልኩ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የተጣለ ነገር ይመለሳል!» አለ፤ ራሱም ያለው ነገር አልገባውም።

አክስቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቶቿን አሳየችው። ያ ብረት በተጋደመበት ልክ ሁለቱም አብጠዋል። «እያቸው። ቆሜ ስተኩስ ኖርኩ፣ ቁጭ ብዬ ደግሞ ብረት ስሸከም። አሁን እግር ያለው፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ጊታር አለ፤ በሥሩ መርገጫ አለው፤ ስትረግጠው ድምፁ ራሱ ይንሸራተታል። እሱን እፈልጋለሁ። እኔ የምወደው መጫወቱን ነው። ብረትማ ስገፋ ነው የኖርኩት፤ ምን ብርቄ ነው?»

ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ የሚፈልገውን አግኝቶ ሰው ያስለቀሰ መሰለው። በመጨረሻ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ይሁንልኝ አለ። ብሎኗ አትነካም፤ አትቀየርም፤ አትጠብቅም። ሐኪሙ እንደ ጥርስ ሕመምተኛ አቃሰተ። ለሰብሳቢ ሰው የባዕድ ብሎን ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን እሺ አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ጊታሩ ዛሬ ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ጋሼ እሱን ለማየት ሲል፣ ሕይወቱን ሙሉ የሸሸውን ወንበር ተቀምጦ ሦስት የተበሳ ጥርስ አስሞላ። «ማየቱ ምን ያደርጋል» ይላል ሲመለስ፤ «ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ድሮ እኔ መተኛት ሲያምረኝ።»

እግር ያለው ጊታር መጣ። እንደ ጠረጴዛ ይቆማል፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ መርገጫውን ትረግጣለች፤ ጉልበቷ ከሸክም ዐረፈ። በቀረው ገንዘብ የቤቱን ጣሪያ አሳደሰች። ዜና ምሳ ላይ አሁንም ዋጋ ያሰማል፤ የሸጡት ጊታር ብጤ ዛሬ ስንት እንደገባ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ «ይጨምርለት» ብላ ጨው ታቀብለዋለች።

ዜና ግን ለአባቱ አስቦ አንድ ደግ ነገር አደረገ፤ በአዲሱ ጊታር ላይ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ አመጣ። አክስቴ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች፤ የምትጫወተውን የምትሰማው ራሷ ብቻ ናት። ጋሼ እንደ ሰው መተኛት ይችላል ማለት ነው።

ጋሼ አልተኛም። በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ ያያታል። እጇ ይንሸራተታል፤ እግሯ ይረግጣል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከጊታሩ የሚወጣው የመርገጫው ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች፤ በምን እንደሆነ አይታወቅም። መሀል ላይ እጇን አንሥታ ትጠብቃለች፤ እንፋሎቷን ታሳልፋለች።

«የትኛው ላይ ነሽ?» ይላታል። አትሰማውም።

«አንቺ! የትኛውን ነው?» አትሰማውም።

ጥቂት ቀን ቻለ። ከዚያ በአንዱ ከሰዓት በኋላ ተነሣ፤ ሄደና የማዳመጫውን ገመድ ነቀለው። አክስቴ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታው ነበርና ዋይታው ሳሎኑን ሞልቶ፣ ብርጭቆዎቹን አንቀጥቅጦ፣ ጋሼን ራሱን ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ምን ሆንክ?» አለችው ማዳመጫውን ከጆሮዋ እያወረደች።

«ምንም። እዚያ ጋ ተሳስተሻል።»

«ሳትሰማ በምን አወቅህ?»

«ሁልጊዜ እዚያ ጋ ትሳሳቻለሽ።»

ብሎ መኝታ ቤት ገባ፤ በሩንም አልዘጋውም። አክስቴ ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚያው ቦታ ስትደርስ አሁንም ተሳሳተች፤ ከመኝታ ቤት ግን ማንኮራፋት እንጂ ሌላ ድምፅ አልመጣም። ማዳመጫውን ዜና ወስዶ ሱቁ ውስጥ ሸጠው።